«ዴብት» ያለው ልጅ ምን አጠፋ?

ባለፈው እትም ስለ እንግሊዝኛ አጻጻፍ የወጣውን ጽሑፍ አነበብነው። ጸሐፊው የኛው ሰው ነው፤ አንድ ጠረጴዛ ከበን ሻይ እንጠጣለን፤ ስሙን እዚህ አንጠራም። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝኛ ቃላት ውስጥ ተጽፈው የማይነበቡት ፊደላት የአስተዋይ ሕዝብ ቅርስ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የቃሉን ዘርና ሥር እንዲጠብቁ ታስቦባቸው የቆሙ ዘበኞች ናቸው፤ እነሱን ለይቶ የማያውቅ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገባ እንጂ ገና አልተማረም። ብዕር ያስነሣችን ይህች የመጨረሻዋ ነገር ናት።

አንድ ልጅ እናውቃለን። ፍሬሽማን በነበርንበት ዓመት አንድ መምህር አስነሥቶ ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ እንዲያነብ አዘዘው። ልጁ አሳምሮ ሲያነብ ቆየና «ዕዳ» ማለት የሆነው ቃል ላይ ደረሰ። ያየውን አነበበ፤ «ዴብት» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኛም ስቀናል፤ አንዋሽም። መምህሩ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና «ዴት ነው የሚባለው፤ ቢዋ አትነበብም» አለው። ልጁ ግን አልተቀመጠም። «ካልተነበበች ለምን ተጻፈች?» ብሎ ጠየቀ። «እንግሊዝኛ እንዲህ ነው፤ ዝም ብለህ ሸምድድ» የሚል መልስ ተሰጠው። ዳግመኛ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ልጅ ክፍል ውስጥ እጁን ሲያወጣ አላየንም። የቡድን ሥራ ሲሰጥ አብዛኛውን የሚጽፈው እሱ ነው፤ ተነሥቶ የሚያነበው ግን ሌላ ነው። ሒሳብ ላይ ደግሞ ከሁላችንም የሚበልጥ ልጅ ነው። እንግዲህ በጓደኛችን ሚዛን ይህ ልጅ አልተማረም ማለት ነው!

ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ መልስም አለው። መልሱን ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ጥቂት ሳምንት ከረምን። ያገኘነውን እነሆ። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዞች ይህን «ዕዳ» የሚል ቃል የወሰዱት ከፈረንሳዮች ነው። ፈረንሳዮቹ «ዴት» ይሉ ነበር፤ እንግሊዞቹም እንደሰሙት፣ ያለ «ቢ» ጻፉት። ከመቶ ዓመት በላይ እንዲህ ሲጻፍ ኖረ፤ የተቸገረ ሰው አልነበረም። ኋላ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት ላቲን የቆጠረ ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚሄድበት ዘመን መጣ። ሊቃውንቱ የቃሉን ትውልድ እየቆጠሩ ወደ ኋላ ሲሄዱ ላቲን ቤት «ዴቢቱም» የሚል አገኙ። «ለካ ቢዋ ጠፍታለች!» ብለው አምጥተው ሰነቀሯት። ቢዋ ግን ከእንግሊዝ አፍ አልጠፋችም፤ መቼ ገብታ ነው የምትጠፋው? «ጥርጣሬ» ማለት በሆነው «ዳውት» ላይም እንዲሁ አደረጉ፤ የላቲኑ «ዱቢታሬ» ነውና። ፈረንሳዮቹም ቢሆኑ በዚያ ሰሞን «ቢ» አስገብተው ነበር። የማታስፈልግ መሆኗን ሲያዩ ግን መልሰው አወጧት። እንግሊዞቹ እስከ ዛሬ ተሸክመዋት አሉ፤ ከነሱም ተቀብለን እኛ ተሸክመናታል።

እዚህ ላይ ያገኘነውን ነገር ለዚያ ልጅ ልንነግረው ሮጠን ነበር የሄድነው። በ1598 በታተመው የሼክስፒር «ላቭስ ሌበርስ ሎስት» ውስጥ ሆሎፈርነስ የሚባል አስተማሪ አለ። ይህ ሰው የዘመኑን ሰዎች አነጋገር ሲሰማ ደሙ ይፈላል። ለምን ቢሉ፣ ዴትና ዳውት የሚሉትን ቃላት ሲናገሩ «ቢ»ዋን ስለሚውጧት ነው። የተጻፈች ፊደል ሁሉ ትነገር ባይ ነው፤ «ዴብት» በሉ ነው የሚለው። ሼክስፒርም ይህን ሰው መድረክ ላይ ያወጣው ተመልካች እንዲስቅበት ነው። ልብ በሉ እንግዲህ! ከአራት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር «ዴብት» ይባል ብሎ የሚከራከረው ላቲን የጠገበው አስተማሪ ነበር፤ የሚሳቅበትም እሱ ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርስ መሳቂያው ተማሪው ሆነ። በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም አንልም። ሆሎፈርነስ ሌላውን ሰው ለማሳነስ ነው እንዲያ የሚለው፤ የኛ ልጅ ግን የተጻፈውን አመነ። ፊደል ማለት የሚነበብ ነገር ነው ብለው አስተምረውት ሳለ ሌላ ምን ያድርግ?

ጓደኛችን «የቃሉን ሥር ይጠብቃሉ» ይላል። ሥሩን ቢያውቁት ጥሩ ነበር! «ደሴት» ማለት የሆነውን «አይላንድ» እንውሰድ። ይህ ቃል የእንግሊዞች የገዛ ራሳቸው የአገር ቤት ቃል ነው፤ በጥንቱ አጻጻፍ ውስጥ ምንም «ኤስ» አልነበረበትም። ያንኑ ትርጉም የያዘ «አይል» የሚባል ሌላ ቃል ግን ከፈረንሳይ መጥቶ ነበር፤ የእሱ አያት የላቲኑ «ኢንሱላ» ነው። ሊቃውንቱ ሁለቱን ወንድማማች አድርገው ቆጠሩና ከ«ኢንሱላ» የተወሰደችውን «ኤስ» ለሁለቱም አደሏቸው። ይህ ዘር መጠበቅ ነው? ባልወለደው አባት ስም መጥራት ነው እንጂ! ያች «ኤስ» የምትመሰክረው ውሸት ነው፤ እኛ ደግሞ ምስክርነቷን ካልተቀበልን ማርክ ይቀነስብናል።

ከዚህም የባሰ አለ። ገንዘብ ስንቀበል በምንፈርመው ወረቀት ስም፣ በ«ሪሲት» ውስጥ፣ የማትነበብ «ፒ» አለች። ከላቲን ናት፤ ይሁን እንበል። «ማታለል» ማለት የሆነው «ዲሲት»ም ከዚያው ከላቲን ቤት፣ ከአንድ ግስ የተወለደ ነው። እሱ ግን ያለ «ፒ» ይጻፋል። ለአንዱ ልጅ ቀሚስ ሰጥተው ሌላውን ራቁቱን የሰደዱበትን ጥበብ ጓደኛችን ቢያስረዳን ደስ ባለን።

«ይችል ነበር» ለማለት በሚጻፈው «ኩድ» ውስጥ ያለችው «ኤል» ደግሞ የላቲንም የማንም አይደለችም። «ሹድ» እና «ውድ» በሚባሉት ጎረቤቶቹ ውስጥ «ኤል» አለች፤ በነሱ ውስጥ ድሮ በእውነት ትነገር ነበር። «ኩድ» እነሱን ለመምሰል ሲል ተበድሮ ለበሰ። «ደስታ» ማለት የሆነው «ዲላይት»ም ከፈረንሳይ ሲመጣ «ጂ»ና «ኤች» አልነበሩትም፤ ብርሃን ከሚባለው «ላይት» ጋር ቤት ስለሚመታ ብቻ የሱን ልብስ አለበሱት። አውራ ጣት፣ ፍርፋሪ ለማለት በሚጻፉት «ተም» እና «ክረም» መጨረሻ ላይ የምትታየውም «ቢ» ያለ ቦታዋ የተለጠፈች ናት፤ «ላም» በሚሉት በጉ ውስጥ ያለችው ግን ድሮ የምትነገር ነበረች። ሦስቱን ቃላት ጎን ለጎን ላየ ሰው የትኛዋ ባለርስት፣ የትኛዋ ጥገኛ እንደሆነች የሚያሳውቅ ምልክት የለም።

አሁን ደግሞ እኛን በጣም ያስገረመንን እንንገራችሁ። «ጥፋት» ማለት የሆነው «ፎልት» ከፈረንሳይ ሲመጣ «ኤል» አልነበረበትም። ሊቃውንቱ እንደ ልማዳቸው ላቲኑን አይተው «ኤል» አስገቡበት። መጀመሪያ ማንም አላነበባትም። ቆይቶ ግን ሕዝቡ ከጽሑፍ ላይ እያየ ይናገራት ጀመር፤ ዛሬ «ኤል»ን ሳይጠራ የሚያነብ ሰው ቢኖር እሱ ነው የሚሳቅበት። ማለትም ያን ጊዜ «ፎልት» ያለ ሰው «ዴብት» እንዳለው ልጅ ነበረ፤ ሌሎች ተከተሉትና ትክክለኛው እሱ ሆነ። «ብዙ ጊዜ» ለማለት በሚጻፈው «ኦፍን» ውስጥም «ቲ»ዋ ለረጅም ዘመን ሞታ ቆይታ አሁን ብዙ እንግሊዞችና አሜሪካኖች «ኦፍተን» እያሉ ከመቃብር እያወጧት ነው። የነሱ ልጅ እንዳየው ሲያነብ «አነጋገሩ ተለወጠ» ይባላል፤ የኛ ልጅ እንዳየው ሲያነብ «አልተማረም» ይባላል። ለምን?

እንዳይቀርብን ደግሞ የጓደኛችንን እውነት እንስጠው። ፊደላቱ ሁሉ የሊቃውንት ጥፋት አይደሉም። ባላባት ወይም ፈረሰኛ ጦረኛ ማለት የሆነውን «ናይት» የሚለውን ቃል ስንጽፍ «ኬ» እናስቀድማለን፤ መካከሉ ላይ «ጂ»ና «ኤች» እናስገባለን፤ ስናነብ ሦስቱንም እንዘላለን። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን «ክኒሕት» በሚመስል ድምፅ ሁሉም ይነገር ነበር። ጉልበት ማለት በሆነው «ኒ» ውስጥ ያለችውም «ኬ» እንዲሁ ትነገር ነበር፤ ዛሬም ጀርመን ሄዶ ጉልበቱን የታመመ ሰው «ክኒ» ነው የሚለው። ሌሊት ለማለት በሚጻፈው «ናይት» ውስጥ ያሉት «ጂ»ና «ኤች» የጉሮሮ ድምፅ ነበሩ፤ ጀርመኑ «ናኽት» ይላል፤ ስኮትላንድ ውስጥም «ኒኽት» የሚሉ አሉ። እንግሊዞቹ ያን የጉሮሮ ድምፅ አንዳንዱ ላይ ጣሉት፤ «ሳቅ» ማለት በሆነው «ላፍ» ውስጥና በመሳሰሉት ግን ወደ «ፍ» ለወጡት። ሁለት ለማለት በሚጻፈው «ቱ» ውስጥ ያለችው «ደብልዩ»ም ለብቻዋ ስትቆም ዝም ትላለች፤ «ትዌልቭ»፣ «ትዌንቲ» ሲባል ግን አለች።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ዊልያም ካክስተን የሚባል ነጋዴ በብሩዥ ከተማ ረጅም ዘመን ኖሮ ወደ አገሩ ተመለሰና በ1476 ዌስትሚንስተር ላይ የመጀመሪያውን ማተሚያ ቤት ከፈተ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ጸሐፊ እንደ መንደሩ አነጋገር ይጽፍ ነበር። ማተሚያው መጣና አጻጻፉ ቀስ በቀስ ይረጋ ጀመር። አነጋገሩ ግን በዚያው ዘመን እንደ ክረምት ወንዝ ይሮጥ ነበር፤ ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ረጃጅሞቹ አናባቢዎች በሙሉ ቦታ ተለዋወጡ፤ የ«ኬ» ድምፅ በ17ኛው መቶ ዓመት ከ«ኤን» ፊት ወደቀ። ወረቀቱ ቆመ፤ አፉ ሄደ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ታላቁን መዝገበ ቃላት ሲያወጣ የቆመውን እንደቆመ አጸናው። ካክስተንና ሠራተኞቹ የራሳቸውንም ጨምረዋል። «ጣዕረ ሞት» ወይም «መንፈስ» በሆነው «ጎስት» ውስጥ የምትታየዋ «ኤች» እንግሊዝኛ አይደለችም፤ የፍላንደርስ ሰዎች አጻጻፍ ናት። ፊደል ለቃሚዎቹ ከዚያ አገር ልማዳቸውን ይዘው መጡ፤ «ኤች»ዋም በዚያው ቀረች። የአንድ ሠራተኛ እጅ ልማድ ነው ዛሬ አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ጥበብ ተብሎ የሚሰገድለት።

እንግዲህ ድምፃቸው ለሞተባቸው ፊደላት እኛ እንግዳ አይደለንም። የኔታ ፊት የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። በግዕዝ ዘመን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ አማርኛ አፍ ላይ ሲደርሱ ተቀላቀሉ። የሐመሩ ሐ እና የዐይኑ ዐ ድምፅ ትግርኛ ውስጥ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ልክ ጀርመኑ ዘንድ «ኬ»ዋ በሕይወት እንዳለችው። በነገራችን ላይ፣ ይኸው ስለ እንግሊዝኛ ዝምተኛ ፊደላት ቅኔ የተቀኘው ጓደኛችን ካፌ ውስጥ ስንት ጊዜ «እነዚህ ሞክሼ ፊደላት የጊዜ ብክነት ናቸው፤ ተቀንሰው እንገላገል» ብሎ እንደተከራከረን ምስክር አለን። የእንግሊዝ ሙት ፊደል ቅርስ ነው፤ የኛው ሙት ፊደል ብክነት ነው! አንዱን ይምረጥልና። ሁለቱም ይጠበቁ ቢል እንሰማዋለን፤ ሁለቱም ይቀነሱ ቢልም እንሰማዋለን። እኛ ራሳችን በፊደሉ ጉዳይ ለሁለት የተከፈልን ነን፤ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ እንኳ «ሥራ» በየትኛው ሠ ይጻፍ ብለን ግማሽ ሌሊት ተጨቃጭቀናል። ይህን የሚል ሚዛን ግን አንቀበልም።

ደግሞ እኛ ተቃራኒው ጉድ አለብን። እነሱ የማይናገሩትን ይጽፋሉ፤ እኛ የምንናገረውን አንጽፍም። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና አልደረሰም» የሚባለው ይሁን ፊደሉ አይነግርህም፤ ማጥበቅና ማላላቱን አንባቢው ከራሱ ያመጣል። «አለ» ስንልም ተናገረ ይሁን ይገኛል ይሁን እንዲሁ ነው። አንድ ፈረንጅ አማርኛ ተምሮ በዓሉን አላልቶ ቢጠራው ምን እናደርጋለን? «ጎበዝ!» ብለን እናጨበጭብለታለን። ያልተማረ ነው ያለው ሰው ሰምተን አናውቅም።

ሌላም እውነት አለ፤ አንደብቅም። «መፈረም» በሆነው «ሳይን» ውስጥ ዝም ያለችው «ጂ» «ሲግኒቸር» ሲባል ትናገራለች። «ቦምብ» በእንግሊዝ አፍ «ቦም» ነው፤ «ቦምባርድ» ሲሉ ግን «ቢ»ዋ ትመጣለች። «ኮንደም» ብለው የሚፈርዱበትን ሰው «ኮንደምኔሽን» ሲሉ «ኤን»ዋ ብቅ ትላለች። ቾምስኪና ሃሌ በ1968 ባወጡት መጽሐፍ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከሞላ ጎደል ተስማሚ ነው ያሉት እንዲህ ያሉትን ቃላት ይዘው ነው። እናምናቸዋለን፤ ነገር ግን ለማን ነው ተስማሚ? ቋንቋውን አፍ ፈቶበት ቤት ውስጥ ለያዘው ሰው ነው። እኛ ቋንቋውን ከወረቀት ነው የምንማረው፤ መጀመሪያ ያየነው ፊደሉን ነው፤ ድምፁ የመጣው ኋላ ነው፤ ለአንዳንዶቻችንም ጭራሽ አልመጣም። ወረቀት ብቻ ያሳዩትን ልጅ ያልሰማውን ድምፅ ለምን አላወቅህም ማለት ግፍ ነው።

በቃላት መጨረሻ የምትንጠለጠለዋ «ኢ» ደግሞ ከሁሉም የምትሻል ናት፤ ሥራ አላት። ድሮ ራሷ ትነገር ነበር፤ «ስም» ማለት የሆነው «ኔም» ሁለት ቀለም ነበረው። ድምፅዋ ሲሞት ከፊቷ ያለው አናባቢ እንዲረዝም ምልክት ሆና ቀረች፤ ባርኔጣን ከጥላቻ፣ «ሃት»ን ከ«ሄት» የምትለይ እሷ ናት። «ሰጠ»፣ «ወደደ» በሚባሉት «ጊቭ» እና «ላቭ» መጨረሻ ግን ሌላ ምክንያት አላት፤ «ዩ»ና «ቪ» በአንድ ፊደል ይጻፉ በነበረበት ዘመን ተነባቢ መሆኑን ታሳይ ነበር፤ ቃል በ«ቪ» አይዘጋም የሚል ልማድም ቀረ። ይህን አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር አሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ስንማር አንድ ሰው አልነገረንም።

ከመካከላችን «እንግሊዞቹ ራሳቸው ለምን አያርሙትም?» የሚል አለ። ሞክረዋል። አሜሪካ ውስጥ ኖህ ዌብስተር ብዙ ቃላት ሊያቃልል ተነሥቶ ጥቂቱ ተሳካለት፤ «ምላስ» የሚባለውን ቃል እንደሚነገረው ልጻፍ ሲል ግን ማንም አልተከተለውም። በ1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሦስት መቶ ቃላት ተቃልለው እንዲታተሙ ለመንግሥት ማተሚያ ቤት ትእዛዝ ሰጠ፤ ጋዜጦች ሳቁበት፤ ምክር ቤቱ ተቃወመ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ትእዛዙ ቀረ። የአገር መሪ ያልገፋውን ድንጋይ እኛ ከዚህ ሆነን እንገፋለን አንልም። «ዴት»ን ያለ «ቢ» ጻፉ ብለንም ማንንም አናሳስትም፤ ፈተና አለ።

የምንጠይቀው ሌላ ነው። አንደኛ፣ የኬሚስትሪና የታሪክ ፈተና ላይ አሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ የአንዲት ዝምተኛ ፊደል መጉደል ማርክ ማስቀነሱ ይቅር። ሁለተኛ፣ «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ «ሸምድድ» አይባል፤ መምህሩ መልሱን ካላወቀ «አላውቀውም፤ አብረን እንየው» ቢል ክብሩ አይነካም። ሦስተኛው የኛው ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጠን የሳቅነው የኛ።

ጓደኛችን በሚቀጥለው እትም መልስ ቢሰጠን በደስታ እናነበዋለን። እስከዚያው ሐሙስ ማታ ከእራት በኋላ የተለመደው ክፍል ውስጥ ተሰብስበን ድምፅ አልባ ፊደላት ያሉባቸውን ቃላት ከነታሪካቸው እናነባለን፤ መዝገበ ቃላት ያለው ይዞ ይምጣ። የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብሎ የሚያነብልን ያ ልጅ ነው። ሦስት ጊዜ ለምነነው ነው እሺ ያለን።